የማገላበጫ ሰዓት

ሟቹ በግራ ጎኑ ተኝቷል። በጉልበቶቹ መካከል ስስ ትራስ ገብቷል፤ ቁርጭምጭሚቶቹ እንዳይፋተጉ በጨርቅ ተለያይተዋል፤ ከሥር የዋለው ጆሮው እንዳይታጠፍ ቀና ተደርጓል፤ አንሶላው ላይ አንዲት ሽብሽብ የለችም። ጀርባውን የደገፈው ትራስ መሐል ላይ ግን የምራቅ እርጥበት ደርቆ ክብ ሠርቷል። ጀርባ መቼም ምራቅ የለውም። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ያንን ክብ ሲያይ ቆየና ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«ትራሱ መጀመሪያ ፊቱ ላይ ነበር» አለ። «ወደ ጀርባው የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።»

የሞት ማስረጃ ልትፈርም መጥታ አልፈርምም ያለችው ሐኪም ራሷን ነቀነቀች። እሷን ያስጠረጠሯት ሰውዬው ዓይን ውስጥ ያየቻቸው ቀያይ ነጠብጣቦች ናቸው። ታፍኖ የሞተ ሰው ምልክት ነው ብላ ፖሊስ አስጠራች። እሷ ባትኖር ኖሮ ከአሥር ዓመት በላይ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ አረፈ ተብሎ ይቀበርና ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። ማን ይጠረጥራል?

ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ገድሎ የሚሮጥ አይቷል፤ ገድሎ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስም አይቷል። ገድሎ ሲያበቃ የሬሳው ጎን እንዳይቆስል አገላብጦ፣ ትራስ ደግፎ፣ አንሶላ ወጥሮ የሚሄድ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው። አስተኛኘቱን ደግሞ በደንብ ያውቀዋል። እናቱ እቤት እንዲህ ነው የምትተኛው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የሚከፈተው የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው። ከበሽተኛው አልጋ ግርጌ አንዲት ታጣፊ አልጋ ተዘርግታለች፤ መሐሏ የአንድ ሰው ገላ ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድምና ጠዋት ጠዋት እየመጣች የምታስታምመው ተመላላሽ ነርስ። ታናሽየው ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ጋሼ» ይላል። የሚያለቅስ ሰው ሳይሆን ከሩቅ ሰው የሚጣራ ነበር የሚመስለው።

ነርሷ በማግሥቱ ተያዘች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቃል ስትሰጥ፣ ነርሷ በዚያው ቀን ደረጃውን ስትወርድ «ለእኚህ ሰው እንኳ ሞት ይሻላቸው ነበር» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለች። አዛዡ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ አለው። ቁልፍ አላት፣ ሙያ አላት፣ ቃሉም ከአፏ ወጥቷል።

ምርመራ ክፍሏ ውስጥ ነርሷ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ በቀኝ ጎናቸው አስተኝቻቸው ወጣሁ፣ አውቶቡስ ይዤ እቤቴ ገባሁ፣ ተኛሁ ስትል ተናገረች። ስትተኛ ያያት ሰው የለም። ተኝቶ ምስክር የሚያስቀምጥስ ማን አለ?

«ያንን ቃል ብለሻል?»

«ብያለሁ» አለች። «ጀርባቸውን ሳጥብ ሲያቃስቱ ውለው፣ አንጀቴን በልተውኝ ነው ያልኩት። እርስዎ ቤት የሚታመም ሰው ኖሮ አያውቅም?»

ኢንስፔክተሩ መልስ አልሰጣትም። እሷም መልሱን ሳትጠብቅ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች። ከወጣች በኋላ ሳጅኗ፣ ከእሱ ቀድማ ፖሊስ የሆነችና ሥራ ያስለመደችው ሴት፣ በሩን ዘግታ ተደገፈችበት። አንዲት ቃል አምልጣት ለዕድሜ ልኳ ልትገባ ነው አለች። ኢንስፔክተሩም ልቡ እንደዚያው ይለው ነበር። ግን ልብ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ታናሽየው ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ከቤቱ ወደ ሱቁ በእግር የሚያደክም መንገድ ነው፤ አውቶቡስ አያልፍበትም። ሱቁ ውስጥ አንድ ትልቅ የኮፒ ማሽን፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተርና አንድ ወንበር አለ፤ ሁለተኛ ሰው ሲገባ አንዱ ይቆማል። ኢንስፔክተሩ ቆመ።

ሰውዬው እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላ ሥራም ይሠራል። እቤታቸው የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ለሚያስታምሙ ሰዎች በኢንተርኔት የተከፈተ የመወያያ መድረክ አለ፤ የዚያ አወያይ እሱ ነው። አባላቱ አቶ ርዕስ ይሉታል፤ ምክንያቱም ሰው ከርዕስ ውልፍት ባለ ቁጥር «ወደ ርዕሳችን እንመለስ» ማለት ልማዱ ነው። ስለ መኝታ ቁስል፣ ስለ ምግብ ቱቦ፣ ስለ ፍራሽ ያወራሉ። ሌላ ወሬ የለም። ስለ ራሱ ማውራት የጀመረ ሰው ጽሑፉ ወዲያው ከመድረኩ ተነሥቶ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ለጸሐፊውም ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።

ሐኪሟ እንደገመተችው ወንድሙ በሞተበት በዚያ ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ስክሪኑን አዞረለት። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስከ አመሻሽ ድረስ በየመሐሉ የእሱ ጽሑፎች ተለጥፈዋል። ተረከዝ ስለ መጠበቅ ረጅም መልስ አለ፤ ቱቦ ስለ ማጠብ ሌላ አለ። «ከዚች ወንበር ለአንዲት ደቂቃ አልተነሣሁም» አለና እንደዚያው ፈረመ። የእጅ ስልኩ ቁጥር ከመደወል ሌላ ምንም የማታውቅ አሮጌ ስልክ ናት፤ ስለዚህ ከሱቁ ኮምፒውተር በቀር መድረኩን የሚከፍትበት የለውም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሲጠየቅ፣ የኮፒ ማሽኑ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲያጓራ ውሏል፣ ራሴን አሞኝ ነበር አለ። ሰውዬውን አይተኸዋል ሲሉት ግን ማሽኑን ሰማሁ እንጂ እሱንስ ልብ አላልኩም ሲል መለሰ።

ሟቹ አንድ ልጅ አለው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአባቱ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ጊዜ ሰክሮ በሩን ሲደበድብ ጎረቤት አስታርቋል። ሳጅኗ እሱ ላይ ዓይኗን ጥላ ሦስት ቀን ከኋላው ዞረች። መጨረሻው የሚያሳፍር ሆነ፤ ልጁ የዚያን ቀን በሌላ ከተማ ጎማ ፈንድቶበት የትራፊክ ፖሊሶች ራሳቸው ሲገፉለት ውለዋል። አዛዡ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁንም ሲጨርስ የነርሷ ፋይል ከሦስት ቀን በኋላ ለዐቃቤ ሕግ እንዲሄድ አዘዘ።

ኢንስፔክተሩ ያን ቀን ወደ ማታ እቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ታላቅ እህቱ ከእናታቸው አልጋ አጠገብ ሆና «ደህና» አለች፤ እሱ ግን ቀድሞ የጫማው ክር ላይ አጎንብሶ ነበር። እህቱ የፀጉር ቤት ነበራት። እናታቸው ወድቃ አንደበቷም ግማሽ ገላዋም ከተያዘ ወዲህ ሱቁን ዘግታ እቤት ገባች። ማን ይግባ ተብሎ የተመከረ ምክር አልነበረም፤ እሱ ፖሊስ ነው፣ ሥራ አለበት፣ በቃ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የውጭው በር ለእሷ ዳቦ መግቢያ ብቻ ነው።

ስልኳ ጢን አለ። አንሥታ አነበበችለት፦ «ውድ አስታማሚዎች፣ ሰዓቱ ደርሷል። አሁን ወደ ቀኝ። ቀስ ብላችሁ፤ ተረከዝ አትርሱ።»

«አቶ ርዕስ ነው» አለች። «ይገርምሃል፣ ወንድሙን ቀብሮ እንኳ እኛን አልረሳንም። እያንዳንዱን በእጁ ነው የሚጽፈው፤ አንድ ቀን ካንድ ቀን አይመሳሰልም።»

ኢንስፔክተሩ የያዘው ጉዳይ የአቶ ርዕስ ወንድም መሆኑን እህቱ ከወሬ ሰምታለች፤ እሱ ግን መድረኩ ውስጥ እሷም እንዳለች ያወቀው ገና አሁን ነው። ስንት ዓመት ገብታ ስትጽፍ አንድም ቀን አልጠየቃትም። ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ጠየቃት። ደግ ነው አለች፤ ጥብቅ ነው፣ ግን ደግ ነው። ከዚያ እናቷን ወደ ቀኝ ልታገላብጥ ተነሣች፤ ኢንስፔክተሩም እራቱን አቀረበ።

በማግሥቱ አወያዩን ጣቢያ አስጠራው። ሰውዬው ሲጠየቅ የሚመልሰው ሁሉ ልክ ነው፤ ቀድሞ ያለውን ዛሬም ቃል በቃል ይለዋል። ኢንስፔክተሩ ግራ ገብቶት ወረቀቱን ሲያገላብጥ፣ መድረኩን ለማየት ብላ የተመዘገበችው ሳጅን ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጢን አለ። አውጥታ አየችው። ከዚያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ኢንስፔክተሩ ገፋችው።

«ውድ አስታማሚዎች፣ ሰዓቱ ደርሷል። አሁን ወደ ግራ። ትከሻ ከመያዛችሁ በፊት ዳሌውን ደግፉ።»

ከላይ የአወያዩ ስም አለ። አወያዩ ደግሞ እዚሁ ፊታቸው ሁለት እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

ሰውዬው አልደነገጠም፤ ትንሽ አፈረ እንጂ። የሳምንቱን ማስታወሻዎች አስቀድሞ ጽፎ በቀጠሮ እንደሚያስቀምጣቸው፣ ማሽኑ በየሰዓቱ እንደሚለጥፋቸው ተናገረ። ቃላቱን የሚለዋውጠው ሰዎቹ ማሽን ሳይሆን ሰው አብሯቸው እንዳለ እንዲሰማቸው ብሎ ነው። ሰው የማይገባበት ቤት ውስጥ ላለ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው አለ። ያን ቀን የተለጠፉት መልሶችስ ሲባል፣ መልስ ለጥያቄ የሚሰጥ ነው፣ ጥያቄ ደግሞ ሰው ነው የሚጠይቀው ብሎ አንገቱን ደፋ።

ከወጣ በኋላ ሳጅኗ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ከዚያ በፊት ባለው ማታ የተጠየቁ ናቸው። «አለቀለት» አለች። አላለቀለትም። በማታው ተዘጋጅተው ሊሆን ይችላል ማለትና ተዘጋጅተዋል ማለት ለየቅል ነው፤ አዛዡም ይህንኑ ነገራቸው። የመድረኩ ባለቤት፣ አንድ ፕሮግራመር፣ በስልክ ሲጠየቅ አንድ ጽሑፍ አንዴ ከወጣ በቀጠሮ ይውጣ በእጅ አይለይም አለ። ርካሽ ሥርዓት ነው፣ እኔም በትርፍ ሰዓቴ ነው የሠራሁት ሲል አማረረ።

ኢንስፔክተሩ ያን ምሽት እራቱ አልበላ አለው። የያዘው ነገር ቤት አይገባም የሚል ደንብ ነበረው፤ ያን ምሽት ግን ደንቡን ጣሰ። እህቱን ሰውዬው በሞተበት ቀን መድረኩ ላይ የተለየ ነገር አይተሽ ነበር ወይ ሲል ጠየቃት።

እህቱ የእናታቸውን ፎጣ ስታጥፍ እጇ ቆመ።

«ያን ቀን ዘግይቷል» አለች።

«ምኑ ነው የዘገየው?»

«ማጥፋቱ። ሌላ ጊዜ አንድ ሰው ደከመኝ ብሎ ቢጽፍ ጽሑፉን አንብበህ ሳትጨርስ የለም። ያን ቀን ግን አንዱ ጽሑፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ቀረ። ሰው ሲያየው አንዱ ደፍሮ እኔም አለ፣ ሌላው ቀጠለ። ጉድ ነበር የፈላው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሰው የሆዱን ሲዘረግፍ ነበር። እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣና ሁሉንም ጠረገው፤ ለሁሉም ማስጠንቀቂያ ላከ።»

ኢንስፔክተሩ ከተቀመጠበት ተነሣ። የማያውቃት ምስክር ብትሆን አቅፎ ይስማት ነበር። ማንም ያላየውን ነገር ነው የነገረችው፤ ያ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ለአንድ ሰዓት ምናምን አልነበረም። ጽሑፎቹን ባለበት ቢተዋቸው ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር። ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ ግን እጁ አላስችል አለው።

ግን እህቱ ለምን ፊቷን እንዳዞረች ያን ጊዜ አላስተዋለም።

ፕሮግራመሩ የሚሠራው ምድር ቤት ውስጥ ባለች መስኮት አልባ ቢሮ ነው። ቅርጫቱን ከፈተላቸው። የተጣለ ሁሉ እዚያ አለ፤ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳነሣው፣ ከነሰዓቱ። ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ምክንያት መምረጥ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ ሆኖ ለጸሐፊው በራሱ ይደርሳል። የዚያ ቀን ጽሑፎች ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ምክንያት ይዘዋል፦ ከርዕስ ውጪ፣ ከርዕስ ውጪ፣ ከርዕስ ውጪ።

ሳጅኗ ጮክ ብላ ማንበብ ጀምራ ወዲያው በልቧ ቀጠለች። አንዱ ባለቤቱ ከታመመች ወዲህ ሲኒማ ቤት ምን እንደሚሸት እንደረሳ ጽፏል። አንዷ ቆሻሻ ለመጣል ስትወጣ መንገዱን አሳልፋ መሄድ እንደሚያምራት ጽፋለች። ኢንስፔክተሩ ግን ዓይኑ መጀመሪያው ላይ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የከፈተው ጽሑፍ ላይ። የጸሐፊዋ ስም የብዕር ስም ነው፣ የማያውቀው።

«ወንድሜ ማታ ገብቶ እንዴት ዋላችሁ ይለናል። መልሱን ሳይጠብቅ ጫማውን ያወልቃል። ዛሬ እማዬ ተኝታ ሳለ ትራሷን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ለምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ መልሼ ከራሷ ሥር አደረግኩት። ይህን ለማን ይነግሩታል?»

ኢንስፔክተሩ ቀና ሳይል ጽሑፉን ከመጀመሪያው ደግሞ አነበበው። ሳጅኗ ምን ነካህ አለችው። እሱ ግን ፕሮግራመሩን «አትምልን» አለው።

የሚያመልጥበት አልነበረውም። ሌሎቹ ጸሐፊዎች በብዕር ስም የተሸሸጉ ናቸው፤ ይፈለጉ ቢባል ስንት ቀን ይፈጃል፣ የነርሷ ፋይል ግን ነገ ሊሄድ ነው። ይህቺን አንዷን ጽሑፍ ትቶ በሌሎቹ ይጠቀም ቢል ደግሞ አይሆንም። ቀጣዩ ጽሑፍ የወጣው በጣም ዘግይቶ ነው፤ የእህቱ ከወጣ የሚቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። በግማሽ ሰዓት ከሱቁ እቤት ደርሶ መመለስ አይቻልም፤ ሳጅኗ በእግሯ ሞክራዋለች። የእሷ ከገባ ግን የሰውዬው ወንበር ባዶ መሆኑ ይታያል። እንዲህ የሚል ቃል ፋይል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነርሷ የታሰረችው ከዚህ ባነሰ ቃል ነው። እናታቸው ከዛሬ በኋላ በማንኛዋም ሌሊት እንዲያው በተፈጥሮ ብትሞት፣ መጀመሪያ የሚወጣው ይኼ ወረቀት ነው።

ፕሮግራመሩ ወረቀቶቹን ሲያትም «ይቺን አየሃት?» ብሎ ቅርጫቱን ወደ ላይ ሳበው። ያን ቀን ገና በጠዋቱ የተጣለ ሌላ ጽሑፍ ነበር። ኢንስፔክተሩ አንብቦት ወረቀቱን ለብቻው አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ያን ዕለት እቤቱ ገና በቀን ደረሰ። እህቱ ያለ ሰዓቱ ስታየው ገባት። ጫማውን አላወለቀም። በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ዋልሽ እትዬ?» አለና ጠበቀ።

እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እናታቸው በደህናው ዓይኗ ሁለቱንም ታያለች።

«አነበብከው» አለች።

«አነበብኩት።»

«አላደርገውም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም» አለች ሳትቆጣ። «እኔም አላውቅም ነበር። መልሼ ሳስቀምጠው ነው ያወቅኩት።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ያለውን ነገር ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ጽሑፉን ካስገባው ምን እንደሚመጣ ነገራት፤ ካላስገባው ማን እንደሚገባ ነገራት። ላጠፋው እችላለሁ አላላትም፤ ግን እንደሚችል ሁለቱም ያውቁታል። አንዲት ወረቀት ናት፤ ከጽሑፎቹ መሐል ብትጎድል የሚቆጥር የለም። እህቱ እጆቿን አገላብጣ ስታያቸው ቆየች። ፀጉር ሲሠሩ የኖሩ እጆች ናቸው፤ አሁን መድኃኒትና ሳሙና በልቷቸዋል።

«ያቺ ነርስ እኔ ያልኩትን ነው ያለችው» አለች። «ከእኔ ያነሰ ነው ያለችው። አስገባው።»

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ ያነበዋል።»

«ይነበብ። አንተ ካነበብከው ሌላው ምን ቀረው?»

አዛዡ ምስክሯ እህቴ ናት ሲባል የነርሷን ፋይል ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ ቃሏን ሳጅኗ እንድትቀበል፣ ኢንስፔክተሩ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ እንዳይገኝ አዘዘ። እህቱ ስልኳን ይዛ ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የደረሳት ማስጠንቀቂያ እዚያው ውስጥ ነበር። እናታቸው ጋ የቀረው ኢንስፔክተሩ ነው፤ ወደ ቤት እስክትመለስ አንዴ ከወንበሩ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ከመስኮቱ ወደ ወንበሩ ሲል ዋለ። ከዚያ ያለፈ መሄጃም አልነበረውም። እሷ ስንት ዓመት እንዲህ እንደዋለች ያን ጊዜ ነው የገባው።

አወያዩ እንደገና ጣቢያ ሲመጣ እንደ ወትሮው ተረጋግቶ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሩ ወረቀቶቹን ዘረጋለት። ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድም ጽሑፍ እንዳላነሣ፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እንደጠረገ አሳየው። ሰውዬው ደንበኛ ይዞኝ ነበር አለ። ከወንበሬ ለደቂቃ አልተነሣሁም ብለህ ፈርመሃል፣ አጠገብህ ሌላ ወንበር የለም፣ ደንበኛ ሲያስተናግዱም ስክሪኑ ፊት ለፊት ነው አለው ኢንስፔክተሩ። ሰውዬው ሥራ በዛብኝ አለ።

«ለምን ጠረግከው?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ብትተወው ማን ያይህ ነበር?»

«ከርዕስ ውጪ ነበር» አለ ሰውዬው። ይኼኛው ውሸት እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ የታጠፈችውን ወረቀት አውጥቶ ዘርግቶ አቀረበለት። የዚያ ቀን ጠዋት ጽሑፍ ናት። ጸሐፊው አወያዩ፤ ያነሣው አወያዩ፤ ምክንያት ከርዕስ ውጪ፤ ማስጠንቀቂያ ለአወያዩ ደርሷል።

«ነርሷ ልባቸው ጠንካራ ነው፣ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ሰውዬው ወረቀቱን ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የራሱን ጽሑፍ የሌላ ሰው ይመስል ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በኋላ ሳይጠይቁት ተናገረ። ያሳደገው ጋሼ ነው፤ ጫማ ያደረገለት፣ ያስተማረው እሱ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ከአልጋው ግርጌ ተኝቷል። መልሶቹን በማታው ጽፎ ቀጠሮ እንዳስያዛቸው፣ ማሽኑን ብዙ ኮፒ አዝዞ በኋላ በር እንደወጣ፣ ሁሉንም ተናገረ። ነርሷ ትያዛለች ብዬ ግን አላሰብኩም አለ። ይህን ሲል የጻፋትን ወረቀት መልሶ አጠፋት።

«ከሞቱ በኋላ ለምን አገላበጥካቸው?» አለው ኢንስፔክተሩ።

ሰውዬው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል ብሎ ያላሰበ ይመስል ቀና ብሎ አየው።

«ሰዓቱ ደርሶ ነበር» አለ።

ነርሷ ዕቃዋን ተረክባ ስትወጣ ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም። ኢንስፔክተሩ ብቻ እስከ በሩ ሸኛት። የዚያን ቀን የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም፣ እቤቴ አለ፣ የታመመች እናት አለችኝ አላት። ነርሷ ማን ነው የሚያስታምማት ስትለው እህቴ ብሎ ሲመልስ ድምፁ አነሰበት።

ማታ እቤት ሲገባ እህቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቃሏን ከሰጠች ወዲህ እንደዚያው ሆና ነው የምትውለው፣ ትንሽ ነፋስ ሲያንኳኳ ደንገጥ ትላለች። ወረቀቷ ፋይል ውስጥ ነው፤ ከዚያ የሚያወጣው የለም። ወደፊት ምን እንደሚሆን እሱም እሷም አያውቁም። «እንዴት ዋልሽ?» አላት። ደህና አለች። አጠገቧ ቆመና መልሶ ጠየቃት።

ስልኳ ጢን አለ።

«ውድ አስታማሚዎች፣ ሰዓቱ ደርሷል። አሁን ወደ ግራ። ብቻችሁን አይደላችሁም።»

የሳምንቱ ቀጠሮ ገና አላለቀም። ሰውዬው ግድግዳ ብቻ የሚያይበት ክፍል ውስጥ ተቆልፎ፣ ጽሑፉ ግን በየሰዓቱ በየቤቱ እየገባ ነው። እህቱ ጉልበቷን ይዛ ልትነሣ ስትል ኢንስፔክተሩ ትከሻዋን ይዞ መልሶ አስቀመጣት። ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ፤ አልጋው አጠገብ ሲደርስ ግን ከየት እንደሚጀምር አላወቀም። እናቱ በደህናው ዓይኗ አየችው።

«ዳሌዋን» አለች እህቱ ከኋላው። «መጀመሪያ ዳሌዋን ደግፍ። እንደዚያ አይደለም፣ ከሥር።»

ከሥር ደገፈ። እናቱ ከገመተው በላይ ከበደችው።

«አንተ ትሰማኛለህ?» አለች እህቱ።

«እየሰማሁሽ ነው።»

እህቱ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ከዚያ ስለ ማስታመም ያልሆነ ነገር ማውራት ጀመረች፤ ስለ ፀጉር ቤቷ፣ ስለዘጋችበት ቀን፣ ቁልፉን ስታስረክብ ስላለቀሰችው ልቅሶ። ኢንስፔክተሩ እናቱን በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ ጉልበቶቿ መካከል ትራሱን አስገብቶ፣ ጆሮዋን ቀና አድርጎ ሲጨርስ እህቱ ገና መጀመሯ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።